መብራት ከመብራት ሲስማማ



የዛሬው ርእሴ የትራፊክ መብራት ነው። መብራት ይተከል አይተከል በሚለው ክርክር ላይ ግን አልቆይም። ሐዋሳ እያደገች ነው፤ የመብራቱ ቁጥር መጨመሩ አይቀርም። የሚያሳስበኝ ከተተከሉ በኋላ ሳይተዋወቁ እንዳይኖሩ ነው። አንድ ሾፌር ቀይ ጠብቆ፣ አረንጓዴ ሲበራለት ተነሥቶ፣ 400 ሜትር እንኳን ሳይሄድ ሁለተኛው መብራት ቀይ ሆኖ ይቀበለዋል። ያንንም ጠብቆ ያልፋል፤ ሦስተኛው ላይ እንዲሁ ይሆንበታል። ሦስቱም መብራቶች ለየብቻቸው ደኅና ናቸው፤ ቴክኒሻን ቢጠራ የሚጠግነው ነገር አያገኝም። የጎደለው በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ስምምነት ነው። ያንን ስምምነት ለማምጣት ደግሞ ቤት ማፍረስም ሆነ ማሳለፊያ ድልድይ መሥራት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትክክለኛ ሰዓት፣ በጥንቃቄ የተሠራ ቆጠራና ሥራውን የሚከታተል ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ስለ እሱ ነው። መብራቶቹ ሲስማሙ ለማን ፍጥነት ይስማሙ? ለቤት መኪናው? ለባጃጁ? ወይስ ለሳይክሉ? ብዙ ከተሞች ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ለመኪናው መልሰውታል። ሐዋሳ ግን እንደዚያ ማድረግ አይገባትም ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ አንድ መብራት ብቻውን ምን እንደሚሠራ እንይ። ገበሬዎች የመስኖ ውኃ በተራ ሲካፈሉ አይታችሁ ይሆናል። ውኃው አንድ ነው፤ ማሳው ብዙ ነው፤ ስለዚህ በሰዓት ይከፋፈሉታል። የላይኛው ሰውዬ ቦዩን ለታችኛው ሲለቅለት ውኃው እዚያ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። የታችኛው ገበሬ የማሳውን በር ቀድሞ ከከፈተ በከንቱ ይጠብቃል፤ ዘግይቶ ከከፈተ ደግሞ ውኃው ሞልቶ ወደ ማይፈለግበት ይፈስሳል። የመብራት ማስማማት ጥበብ በሙሉ ይኸው ነው። የተሽከርካሪው ጅረት ከላይኛው መብራት ተለቅቆ ከታችኛው ሲደርስ በሩ በዚያች ቅጽበት ክፍት ሆኖ መገኘት አለበት።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አንድ ዙር ዞረው እንደገና አረንጓዴ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ዑደት እንለዋለን። አረንጓዴ ሲበራ የመጀመሪያው ሾፌር ማርሽ አስገብቶ እስኪነቃነቅ 2 ሰከንድ ያህል ይባክናል። ከዚያ ወዲያ የተሰለፉት መኪኖች በአንድ ረድፍ በየ2 ሰከንዱ አንድ እያሉ ያልፋሉ። ስለዚህ የ30 ሰከንድ አረንጓዴ በአንድ ረድፍ 14 ገደማ መኪና ያሳልፋል። ተራው ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ደግሞ በቢጫው፣ ሁሉም ቀይ በሚሆንበት አፍታና በመነሻው መንቀርፈፍ 5 ሰከንድ ያህል ይጠፋል። ሁለት ተራ ባለው መስቀለኛ መንገድ በአንድ ዑደት 10 ሰከንድ ጠፋ ማለት ነው።

ይህን የሚሰማ ሰው፣ ያውም አስተዋይ ሰው፣ እንግዲያው ዑደቱን እናስረዝመው፤ ያኔ የሚባክነው ይቀንሳል ይላል። እስቲ እናስላው። ዑደቱ 60 ሰከንድ ከሆነ በሰዓት ውስጥ 10 ደቂቃ ይባክናል። 120 ብናደርገው ብክነቱ ወደ 5 ደቂቃ ይወርዳል። 240 ብናደርገው ግን ተጨማሪ የምናተርፈው 2 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው፤ ቀይ ላይ የቆመው ሰው ግን ጥበቃው እጥፍ እየሆነበት ሄደ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዌብስተር ይህን ነገር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ቀመር የዑደቱን ልክ የሚወስነው ምን እንደሆነ አሳይቷል። በቀመሩ መሠረት የሚባክነው 10 ሰከንድ ከሆነና ሁለቱ መንገዶች ተደምረው የመስቀለኛውን አቅም 70 በመቶ ከያዙት፣ ጥበቃን በጣም የሚያሳጥረው ዑደት 67 ሰከንድ ገደማ ነው። ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይርቅም። መካከለኛ ከተማ ውስጥ የሁለት ደቂቃና የሦስት ደቂቃ ዑደት ስታዩ አንድ ነገር እንደተበላሸ ጠርጥሩ።

እዚህ ላይ ስለ ትራፊክ ፖሊሶቻችን አንድ ነገር ልበል። ፀሐይና ዝናብ ሳይል መሀል መንገድ ቆሞ የሚያስተናብረውን ሰው ልወቅሰው አልመጣሁም፤ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ቦታ ተዘጋግቶ ይውል ነበር። ነገር ግን በእጅ ሲያሳልፍ የሚታየው የራሱ መስቀለኛ መንገድ ብቻ ነው። ሰልፉ እስኪያልቅ ብሎ አንዱን አቅጣጫ ለ4 ደቂቃ ይለቀዋል እንበል። በ4 ደቂቃ ከአንድ ረድፍ ወደ 120 መኪና ሊለቀቅ ይችላል። ቀጣዩ መብራት 400 ሜትር ላይ ቢሆን በመካከሉ በአንድ ረድፍ የሚቆመው 60 መኪና ገደማ ነው። የወዲያኛው ቀይ ከሆነ መንገዱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይሞላል፤ የቀሩት ሁለት ደቂቃዎች ባዶ አረንጓዴ ናቸው፤ ጭራው ደግሞ የራሱን የፖሊሱን መስቀለኛ ይዘጋበታል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ቀጣዩን ቦታ የሚያሳየው ነገር ስላልሰጠነው ነው።

ሌላው በቅርብ ልናየው የሚገባ ቦታ የማቆሚያው መስመር ነው። ማናችሁም ነገ ጠዋት ከአንድ መስቀለኛ ጥግ ቆማችሁ ተመልከቱ። ቀይ ሲበራ መኪኖቹ ይሰለፋሉ። ባጃጆቹ በመኪኖቹ መሀል እየተሽሎከሎኩ ወደ ፊት ይመጡና ከመስመሩ አልፈው፣ ዜብራውን ረግጠው ይቆማሉ። ሳይክሎች በቀኝ ጠርዝ ይገባሉ። አረንጓዴ ሲበራ የፊተኞቹ ባጃጆች ይፈተለካሉ፤ እስከዚህ ድረስ ችግር የለም፤ እንዲያውም ትንንሽና ፈጣን በመሆናቸው የመነሻውን ጊዜ ያሳጥሩታል። ከዚያ ግን አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው መስቀለኛውን እንዳለፉ ካለው ጥግ ላይ እጃቸውን ያነሣሉ። ባጃጁ ይቆማል። ዋጋ ይጠየቃል፤ ዘንቢሉ ይገባል፤ እሳቸው ይገባሉ። 8 ሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አይመስልም። የዚያ ረድፍ አረንጓዴ ግን 4 መኪና አጣ፤ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ወደ ግራ ለመውጣት ሲሞክር የሁለተኛው ረድፍም ተገታ። ባጃጁን ከመቅጣት በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ እኚያ እናት የት ይቁሙ? የሚሳፈሩበት፣ ጥላ ያለው፣ ከጥጉ ከ30 እስከ 40 ሜትር ራቅ ያለ ቦታ ሠርተንላቸዋል? ካልሠራን በኮምፒውተር የተሰላው የመብራት ሰዓት ሁሉ በዚያች ጥግ ላይ ይፈርሳል።

መብራትን ከመብራት የማያያዝ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የመንገድ ምልክት መብራት ለንደን ፓርላማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1868 የቆመው በጋዝ የሚሠራ ነበር፤ ወር ያህል እንኳን ሳይቆይ ፈንድቶ የሚቆጣጠረውን ፖሊስ ጎዳው። የኤሌክትሪኩ እ.ኤ.አ. በ1914 ክሊቭላንድ ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1917፣ ሶልት ሌክ ሲቲ 6 መስቀለኛ መንገዶችን በአንድ የእጅ ማብሪያና ማጥፊያ አያያዘች፤ ሂውስተን በ1922 12ቱን ከአንድ ማማ ላይ መቆጣጠር ጀመረች። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ መብራት ማስማማት የሀብታም አገር ብቻ ሥራ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ስለምቃወም ነው።

አሰላሉን በእኛው ከተማ መጠን እንየው። ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው በፕላን ነው። መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ መሬቷ ሜዳ ነው። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቅባት አዲስ አበባ፣ ወይም ጎዳናዎቿ የገደሉን ቅርጽ ተከትለው የሚጠማዘዙ ሌላ ከተማ፣ ይህን ዕድል አላገኙም።

ሁለት መብራቶች በ400 ሜትር ርቀት አሉ እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ ያንን ርቀት በ48 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሁለተኛው መብራት ከመጀመሪያው 48 ሰከንድ ዘግይቶ አረንጓዴ ቢሆን የተለቀቀው ሰልፍ ሳይቆም ያልፋል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው 48 ሰከንድ ይዘገያል። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው አረንጓዴው ከመኪኖቹ ፊት ፊት እየሮጠ ሲሄድ ይታየዋል፤ ባለሙያዎች አረንጓዴ ማዕበል የሚሉት ይህንን ነው። የአንድ አቅጣጫ መንገድ ከሆነ ሥራው እዚህ ላይ አለቀ።

ችግሩ ከወዲያ የሚመጣው ነው። ወደ ደቡብ ለሚሄደው የተመቸው ሰዓት ወደ ሰሜን የሚመጣውን ሊያንገላታው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ጆን ሊትል ይህን በሒሳብ ለመፍታት ሞክሯል፤ በዚያው አሥር ዓመት እንግሊዝ አገር ዴኒስ ሮበርትሰን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶለታል። የነገሩ ፍሬ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በሁለቱ መብራቶች መካከል ያለው የጉዞ ጊዜ የዑደቱ ግማሽ ከሆነ፣ ወይም ከሙሉው ዑደት ጋር እኩል ከሆነ፣ ለሁለቱም አቅጣጫ ይመቻል። ግማሽ ከሆነ መብራቶቹ እየተፈራረቁ ይበራሉ፤ አንዱ አረንጓዴ ሲሆን ቀጣዩ ቀይ ነው። ሙሉ ከሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ይሆናሉ።

እንግዲህ ልብ ብላችሁ አድምጡኝ። ርቀቱ 400 ሜትር፣ ዑደቱ 72 ሰከንድ ይሁን። መብራቶቹ ቢፈራረቁ የጉዞው ጊዜ 36 ሰከንድ መሆን አለበት፤ ይህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ነው። መብራቶቹ በአንድ ጊዜ ቢበሩ የጉዞው ጊዜ 72 ሰከንድ ይሆናል፤ ይህ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ሳይክል ላይ ነው። መንገዱም መብራቱም ዑደቱም አንድ ሆኖ ሳለ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው አንድ ቁጥር ሲቀየር መንገዱ የሚታዘዝለት ሰው ይቀየራል። መጀመሪያ ላይ ለማን ፍጥነት ብዬ የጠየቅኩት ይህንን ነው። ይህን ቁጥር መሐንዲሱ ብቻውን ቢሮ ተቀምጦ ሊያስገባው አይገባም፤ እናንተ ልትነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ኖረብሮጋዴ በሚባለው ጎዳናዋ ላይ ምርጫዋን አድርጋለች። መብራቶቹን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሳይክል አስማማቻቸው፤ ጠዋት ወደ መሀል ከተማ ለሚገባው፣ ማታ ወደ ቤቱ ለሚመለሰው። በሳይክል ብዛት ዓለም የሚያውቃት ከተማ ናት፤ አይገርምም። እኛስ? በኢትዮጵያ ከተሞች መካከል ሳይክል የኑሮ ዕቃ የሆነባቸውን ቁጠሩ ብትባሉ ሐዋሳን ከፊተኞቹ ትጠሯታላችሁ። ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ዳቦ አመላላሹ፣ ከሥራ ወደ ቤት የሚመለሰው ሳይክል ላይ ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች። ስትራቴጂው ወረቀት ላይ ተጽፎ እንዳይቀር ከተፈለገ መብራት ሳጥን ውስጥ የሚገባ ቁጥር ሆኖ መታየት አለበት።

የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። በውስጥ ጎዳናዎቻችን ላይ መብራቱ ለሳይክልና ለባጃጅ ፍጥነት ይስማማ። ከሻሸመኔ መጥቶ ጥቁር ውኃን ተሻግሮ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚያልፈው ዋና መንገድ የጭነት መኪናና የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መተላለፊያ ስለሆነ ለ30 ኪሎ ሜትር ይሰላ። ለ60 የሚሰላ አንድም መንገድ በከተማው ውስጥ አይኑር። ሾፌሩ በሰዓት 30 እየሄደ ሳይቆም ካለፈ፣ 60 እየሮጠ በየመብራቱ ከሚቆመው ሰው ጋር እኩል ይደርሳል፤ ነዳጁም ይተርፍለታል፤ ፍሬኑም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ሐሳቤ እንከን የለውም ግን አልልም። መብራቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ሲሆኑ ጉልበት ያለው መኪና የያዘ ሰው ከፊቱ የተደረደሩትን አረንጓዴዎች አይቶ ሁለቱን ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ለማለፍ ይፈተናል። ማታ መንገዱ ጭር ሲል ፈተናው ይብሳል። መፍትሔው ከፍ ተደርገው የተሠሩ ዜብራዎች፣ ጠበብ ያለ ረድፍና በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ሲኬድ አረንጓዴ እንደሚገኝ በግልጽ የሚናገር ምልክት ነው። ሾፌሩ 20 ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ እንደሚከፈትለት ካወቀ በሁለተኛው ሳምንት ይለምደዋል።

ስለ እግረኛው ሳልናገር ብቀር ንግግሬ ከንቱ ይሆናል፤ በአገራችን በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት መካከል ትልቁን ቦታ የያዘው እግረኛ ነውና። 14 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ጤነኛ ጎልማሳ በ12 ሰከንድ ያቋርጠዋል። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ክራንች የያዘ ሰው ቢያንስ 14 ሰከንድ ይፈልጋሉ፤ ከዚያም በላይ የሚፈልጉ አሉ። ቅድም በጠቀስኩት የ72 ሰከንድ ዑደት ለዋናው መንገድ 36፣ ለመጋቢው 26 ሰከንድ አረንጓዴ ብንሰጥ እግረኛው ዋናውን መንገድ ለማቋረጥ ያ 26 ሰከንድ ይበቃዋል። ቀዩን ቢጠብቅም ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። የሦስት ደቂቃ ዑደት ላይ ግን ማንም ሰው አይጠብቅም፤ በመኪኖች መሀል ይገባል። ሕግ አያከብርም ተብሎ የሚሰደበው እግረኛ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ እንዲጠብቅ የተፈረደበት ሰው ነው።

አዲስ አበባ ለገሃር መስቀለኛ ላይ የተሠራውን እዚህ ልጥቀስ። የከተማው የትራፊክ ማኔጅመንት ኤጀንሲ ከውጭ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ያንን ሰፊ መስቀለኛ በቀለምና በቀላል መከለያዎች ጥጎቹን አስፍቶ እግረኛው የሚያቋርጠውን ርቀት አሳጠረው። ብዙ ሰው ይህን የማስዋብ ሥራ አድርጎ አየው። እኔ ደግሞ የሰዓት ሥራ አድርጌ አየሁት። ከ20 ሜትር ወደ 14 ሜትር ያጠረ ማቋረጫ ለዘገምተኛ እግረኛ 6 ሰከንድ ይቆጥባል፤ ያ 6 ሰከንድ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል ወይም ዑደቱን ያሳጥራል። ጥጉን የሚሠራው ክፍልና መብራቱን የሚቆጣጠረው ክፍል መነጋገር ያለባቸው ለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ የምንማረው ሌላም አለ፤ ይኸኛው ደስ አይልም። መብራቱ ተተክሎ፣ ለዓመታት ጠፍቶ ወይም ችላ ተብሎ፣ ከሥሩ ፖሊስ በእጁ የሚያሳልፍበትን መስቀለኛ ያላየ አዲስ አበቤ የለም። በዓለም ባንክ ብድር በ2008 ዓ.ም. የተፈቀደው ትራንሲፕ የተባለው የትራንስፖርት ማሻሻያ ፕሮጀክት የመስቀለኛ መንገዶችን መብራት ማደስን ከሥራዎቹ አንዱ ያደረገው አለምክንያት አይደለም። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማቱ ሰከንድ የሚቆጥሩ አዳዲስ መብራቶች መጥተዋል። ቆጣሪው ለሾፌርም ለእግረኛም ጥሩ ነው። የሚቆጥረው ሰከንድ ከቀጣዩ መብራት ጋር የተገናኘ ካልሆነ ግን ጥበቃችንን በቁጥር እያሳየን ነው እንጂ አያሳጥርልንም።

አሁን ሁላችሁም በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ልመልስ፤ መብራት ሲጠፋስ? ይህ እኛ አገር ከቀመሩ ሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ነው። መቆጣጠሪያ ሳጥኖቹ የሚስማሙት ሰዓታቸው አንድ እስከሆነ ድረስ ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ እያንዳንዱ ሳጥን ኃይል ካገኘበት ቅጽበት ጀምሮ ከዜሮ የሚቆጥር ከሆነ፣ አንዱ መስመር ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ሲበራ ስምምነቱ ይፈርሳል። መብራቶቹ ይሠራሉ፤ ማዕበሉ ግን የለም፤ ማንም ሳያስተውለው ወራት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ጨረታ ሲወጣ ሁለት ነገሮች በሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፉ። አንደኛው ሳጥኑን ለተወሰኑ ሰዓታት የሚያቆይ ባትሪ ነው። ሁለተኛው ሰዓቱን ከሳተላይት እየተቀበለ ራሱን የሚያስተካክል ጂፒኤስ መቀበያ ነው። ጂፒኤስ ካለ ሳጥኖቹን በገመድ ማያያዝ እንኳን ግድ አይደለም፤ ሁሉም አንድን ሰማይ አይተው ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ። ለቆፋሪና ለኬብል የሚወጣው ገንዘብ ይተርፋል።

አደባባዮቻችንን በሚመለከት አጭር ነገር ልበል፤ ነገሩ ሰፊ ቢሆንም ጊዜው አይበቃንም። አዲስ አበባ አንዳንድ አደባባዮቿን አፍርሳ በመብራት ተክታለች። አደባባይ በሁለት የተስማሙ መብራቶች መሀል ሲገባ የመጣውን ሰልፍ ይበታትነዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን መጨናነቅ በሌለበት ሰዓት ማንንም ሳያስቆም ያሳልፋል፤ ፍጥነትም ይቀንሳል፤ መብራት ሲጠፋም አይጠፋም። እንደ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን፣ ከተማዋ የምትታወቅበትን አደባባይ ለማፍረስ መቸኮል የለብንም። ማዕበሉን ከአደባባዩ በፊት ጨርሰን ከአደባባዩ በኋላ እንደገና እንጀምረዋለን፤ ይቻላል። ሰልፉ 800 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሄድ በራሱም ይበታተናል፤ ያን ያህል የተራራቁ መብራቶችን ለማስማማት መድከምም አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጣው የተሽከርካሪና የእግረኛ ቆጠራ ነው፤ ልቤ ያለውም እዚህ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ የከተማ አስተዳደሩ ነዋሪ ከ258 ሺህ በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2012 ዓ.ም. ሐዋሳ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች፤ የሞጆ ሐዋሳ የፍጥነት መንገድም ወደ እኛ እየመጣ ነው። በድሮ ቁጥር የተሰላ መብራት ለዛሬ አይሆንም። ባለሙያዎች የመብራት ሰዓት በየ3 እስከ 5 ዓመቱ እንደገና ይሰላ ይላሉ፤ በእንዲህ ያለ ፍጥነት ለምታድግ ከተማ ያም ይረዝማል። ዩኒቨርሲቲ አለን፤ የምህንድስና ተማሪዎች አሉን። በየመስቀለኛው ቆመው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መኪናውን፣ ባጃጁን፣ ሳይክሉን፣ ጋሪውን፣ እግረኛውን ለየብቻ ይቁጠሩ። ባጃጅ የመኪና ግማሽ ነው እየተባለ በግምት መሠራቱ ይቅር፤ አንድ ባጃጅ የማቆሚያውን መስመር ለማለፍ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድበት እዚሁ፣ በራሳችን መንገድ ላይ ይለካ።

ቀኑም አንድ ዓይነት አይደለም። የፓርኩ ሠራተኞች ፈረቃ የሚቀየርበት ሰዓት አለ፤ ሰርቪሶቹ አንድ ላይ ይወጣሉ፤ እግረኛውም እንዲሁ። ተማሪ ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከአራቱም ማዕዘን ምእመናን ወደ ገብርኤል ይመጣሉ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጫምባላላ፣ ከተማዋ ወደ በዓሉ ማክበሪያ ወደ ጉዱማሌ ትጎርፋለች። መቆጣጠሪያ ሳጥኖች በቀንና በሰዓት የሚለዋወጡ ብዙ መርሐ ግብሮችን መያዝ ይችላሉ፤ ለእነዚህ ቀናት እግረኛው ረጅም ጊዜ የሚያገኝበት ሰዓት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ባዕድ አገር ተሠርቶ የመጣ ሳጥን ፊቼን አያውቅም፤ የምናስተምረው እኛ ነን።

በመብራት ማስማማት መጨናነቅ ይጠፋል ብዬ ግን ቃል አልገባላችሁም። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1984ቱ ኦሊምፒክ ጀምራ በ2013 ከ4 ሺህ በላይ መብራቶቿን ሁሉ በአንድ ሥርዓት አስማማች፤ መኪናዋ ግን አሁንም ይጨናነቃል። መንገዱ ከአቅሙ በላይ ከተሞላ ሰዓት ብቻውን አያድነውም። አውቶቡስ፣ ሳይክልና የእግር መንገድ ያስፈልጋሉ። ሐዋሳ ገና እዚያ አልደረሰችም፤ ለዚህም ነው አሁን የምናገረው።

ከከተማ አስተዳደሩ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ዋናውን መንገድ ሳንነካ፣ ርቀታቸው የተቀራረበ 4 መስቀለኛ መንገዶች ያሉበትን አንድ ጎዳና እንምረጥ። ለአንድ ወር በ72 ሰከንድ ዑደት፣ ለሳይክል ፍጥነት አስማምተን እንሞክረው። ከመጀመራችን በፊትና በኋላ አንድ ሰው በሳይክል፣ አንዱ በባጃጅ፣ አንዱ በሚኒባስ ጎዳናውን እየተመላለሱ ስንት ጊዜ እንደቆሙና ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው ይመዝግቡ። አንዲት ተማሪ ዜብራው ላይ ቆማ እግረኞች ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ትለካ። የባጃጅ ማኅበራት በዚያ ወር አባሎቻችሁ ከጥጉ ርቀው እንዲጭኑና እንዲያወርዱ ንገሩልን። የትራፊክ ፖሊስ ኃላፊዎች ደግሞ በሙከራው ሰዓት አደጋ ወይም አምቡላንስ ካልገጠመ በቀር በእጅ ማሳለፉ እንዲቆም ፍቀዱልን፤ ፖሊሱ ከቦታው አይሂድ፤ የጥጉን መጫንና ማውረድ ይቆጣጠርልን። የተገኘው ውጤት፣ ቢከፋም ቢያምርም፣ እዚሁ ክፍለ ከተማው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

የቆጠራ ቅጾቹ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አሉ። ተማሪዎች ስማችሁንና የምትመርጡትን መስቀለኛ ጻፉ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞቼ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።